እምቢ ማለትም መስተንግዶ ነው

መልካም ነጋዴ ደንበኛውን በፈገግታ ተቀብሎ ዕቃውን በተስማሚ ዋጋ ይሸጣል። ከጠመንጃ ሻጭ ግን ከዚህ የበለጠ ይጠበቃል።

በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የወጣው ሕግ ባለሱቁ የፌዴራል ፈቃድ እንዲኖረው ደንግጓል። የገዢውን ማንነት ከሽያጭ በፊት የሚያጣራው መዝገብም በ1998 ሥራ ጀመረ። አስተዋይ ገዢ ታዲያ ሱቅ ሲመርጥ ዋጋን ብቻ አያይም። ሻጩ መሣሪያው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጦ ያቀብላልን? ለጀማሪው ሳይሰለች ያስረዳልን? ቆልፎ ስለ ማስቀመጥስ ይመክራልን? ብሎ ይመለከታል።

ነገር ግን መዝገብ የማያየው ነገር አለ። በ2009 በኒው ሃምፕሺር ግዛት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዙ፤ ሦስቱም በገዙ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ይህ አሳዛኝ ነገር ባለሱቆችንና የጤና ባለሙያዎችን ለምክር አንድ ላይ አስቀመጠ። ከዚህም የተነሣ፣ ሻጩ በደንበኛው ላይ የጭንቀት ምልክት ያየ እንደሆነ ሽያጩን እንዲያቆም የሚያሳስብ ጽሑፍ ለየሱቁ ታደለ።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የደንበኛውን ፊት የሚያይ ባለሱቅ ቢገኝ፣ ሊመረጥ የሚገባው እርሱ ነው።