ቆጣሪውን ራሳችሁ አንብቡ
(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የተሰጠ ንግግር)

እርሳስና ደብተራችሁን አቅርቡ። ዛሬ ቁጥር እናነባለን። የምናነበው ቁጥር ግን ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አይደለም። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ወይም በግቢያችሁ በር አጠገብ ያለ ቁጥር ነው።

ሰው ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳስበው የቤት ኪራይ ነው። በኪራዩ ተስማምቶ ዕቃውን ያስገባል። ወሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የመብራት አለ፤ የውሃ አለ፤ የጥበቃ አለ። «ይኸን ያህል ደርሶብሃል፣ አምጣ» ይባላል። ከየት መጣ? ማን ቆጠረው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንግዳ ነዋ! እንግዳ ሰው መጠየቅ ያፍራል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት እናስብ። ከሁለት ልጆቿ ጋር ከደሴ መጥታ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። በግቢው ውስጥ እሷን ጨምሮ አራት ቤተሰቦች ይኖራሉ። የመብራቱ ቆጣሪ ግን አንድ ነው። በወሩ መጨረሻ 1 ሺ 200 ብር መጣ። አከራዩ ለአራት አካፈሉና «ከየቤቱ 300 ብር» አሉ። የእሷ ቤት አንድ አምፖልና አንዲት ትንሽ ምድጃ ነው ያለው። እንጀራ ከሱቅ ትገዛለች። ጎረቤቷ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች። እኩል መክፈላቸው ትክክል ነው? አይመስልም። ግን ምን ብላ ትከራከር? በእጇ ምንም ቁጥር የለም። ዝም ብላ ከፈለች፤ ቅሬታው ግን በሆዷ ቀረ። በግቢው ውስጥ ጠብ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

እሺ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድን ነው? የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት የሚባለውን መለኪያ ነው። 1 ሺ ዋት የሚፈጅ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 10 ዋት አምፖል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመፍጀት 100 ሰዓት ይበራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3 ሺ 500 ዋት ይፈጃል። ስለዚህ ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን፣ አምፖሉ የሚፈጀው 350 ሰዓት በርቶ ነው። ልዩነቱን አያችሁ? ሒሳቡን የሚያከብደው አምፖሉ አይደለም። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ነው።

አሁን ቆጣሪውን እናንብብ። ቁጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ። በመጨረሻ በቀይ የተለየ አኃዝ ካለ ተዉት፤ እሱ ከአንድ በታች ያለው ሽርፍራፊ ነው። ባለፈው ወር ቁጥሩ 1 ሺ 284 ነበር እንበል። ዛሬ 1 ሺ 524 ሆኗል። ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ። 240 ይመጣል። በወሩ ውስጥ ግቢው የፈጀው 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። በሒሳብ ወረቀቱ ላይም ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ተጽፈዋል። ወረቀቱን ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ በሩ ዝግ ከሆነ፣ ንባቡ በግምት ሊሞላ ይችላል። ካልተመሳሰለ ሳትውሉ ሳታድሩ አመልክቱ።

ወደዚያች እናት እንመለስ። የግቢው ሰዎች ተነጋገሩና በየቤቱ አንዳንድ ቀናሽ ቆጣሪ አስገቡ። ቀናሽ ቆጣሪ ማለት ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የሚገባ፣ የአንዱን ቤት ፍጆታ ለብቻ የሚያሳይ ቆጣሪ ነው። በሚቀጥለው ወር ዋናው ቆጣሪ እንደገና 240 አሳየ። የቀናሾቹ ንባብ 40፣ 70፣ 50 እና 60 ሆነ። ሲደመር 220 ነው። የቀረው 20 የግቢው በር መብራትና በመንገድ የባከነው ነው። ይህን 20 ለአራት ሲካፈሉት ለየቤቱ 5 ይደርሳል። የእናቲቱ ፍጆታ 40 ሲደመር 5፣ በጠቅላላው 45 ነው። ለትምህርት ያህል የአንዱን ዋጋ 5 ብር ብናደርገው፣ 45 ጊዜ 5፣ 225 ብር ይሆናል። ከ300 ብር 75 ብር ቀነሰላት። በዓመት 900 ብር ነው! ምጣድ ያላት ጎረቤቷም 75 ጊዜ 5፣ 375 ብር ከፈለች። አልተጣሉም። ቁጥሩን ሁለቱም አንብበውታል።

አንድ ነገር እንጨምር። የመብራት ዋጋ በእርከን የተመደበ ነው። ብዙ በተፈጀ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ቶሎ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ «ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶችም አሉ። በዚያ ገንዘቡ ቀድሞ ይከፈላል። እንዲህ ከሆነ ስትገቡ ምን ያህል እንደቀረ እዩ።

ስለ ውሃም እንናገር። የውሃ ቆጣሪ የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1 ሺ ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሞላል። የውሃ ዋጋም እንደ መብራቱ በእርከን ይጨምራል። ሒሳቡ ያለወትሮው ከበዛባችሁ ይህን ሞክሩ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ማታ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ። ሮቶ ካለ እስኪሞላ ጠብቁ። ከዚያ ቆጣሪውን እዩ። ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ፣ ውሃ በአንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የሽንት ቤቱ ነው። ጠብታ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጠርባችኋል።

እንግዲህ አዲስ ቤት በምትገቡበት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ዕቃው ከመግባቱ በፊት፣ ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ሁለቱን ቆጣሪዎች አንብቡ። ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቀጥሎ የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ «ያሳዩኝ» በሉ። ውዝፍ ካለ ቀድሞ የነበረው ሰው ዕዳ ነው፤ እናንተ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ ይታወቅ። «አባቴ፣ አላመንኩዎትም ማለቴ አይደለም፤ ለሁለታችንም ይበጃል» ብትሉ ማንም አይቀየምም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

የኪራዩም ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ይህን ያዛል። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። መብራቱንና ውሃውን ማን እንደሚከፍል፣ እንዴትስ እንደሚከፋፈል በውሉ ውስጥ አስገቡ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ቀስ እያላችሁ፣ ፊደል እየቆጠራችሁም ቢሆን አንብቡት። የሚቸኩል ቢኖር ይጠብቅ።

ክፍያውን በባንክ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው በቴሌብር መክፈል ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ የደንበኛ መለያ ቁጥር ነው። በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጡት። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ የሌላ ሰው ሒሳብ ይመጣል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሚወጣውን ስም አንብቡ። ቀኑ ካለፈ ቅጣት ይጨመራል፤ ከቆየም አገልግሎቱ ይቋረጣል። ደረሰኙን ጠብቁ፤ የስልክ መልእክቱንም አታጥፉ። ጥያቄ ካላችሁ ለመብራት 905፣ ለውሃ 906 ደውሉ።

በመጨረሻም በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ የወሩን ወጪ ጻፉ። ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ የልጆች ትምህርት፣ እድር። እድርን አትርሱ! በአዲስ ሰፈር ሰው የሚኖራችሁ በእሱ ነው። ደመወዝ ወይም የቀን ገቢ እንደገባ ይህን ቀድማችሁ ለዩ። ገበያ ከዚያ በኋላ ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ቆጣሪያችሁን አንብባችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ቀን እንደገና አንብቡ። ደህና ሁኑ።

መለማመጃ

1. ያለፈው ንባብ 2 ሺ 105፣ የአሁኑ 2 ሺ 190 ቢሆን፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ተፈጅቷል?
2. 3 ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል?
3. አዲስ ቤት በምትገቡበት ቀን የምትጽፏቸውን ሁለት ቁጥሮች ተናገሩ።