ትራንስካይ፦ ነፃነት የተባለው የዜግነት ዘረፋ

አንድን ሕዝብ ከገዛ አገሩ ማፈናቀል የሚቻለው በጠመንጃ ብቻ አይደለም። ሰንደቅ ዓላማ አስጨብጦ፣ መዝሙር አዘምሮ፣ «ከእንግዲህ ነፃ ነህ» በማለትም ይቻላል። የደቡብ አፍሪካ ዘረኛ ሥርዓት ባንቱስታን በተባሉት አሥር የጎሳ ግዛቶች የሸረበው ደባ ይኸው ነበር። የደባው መሞከሪያ ሆና በግንባር ቀደምትነት የተሰለፈችውም ትራንስካይ ናት።

ይህ ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም። ዛሬ ሳንሱሲን በሚያቅፈው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የጦር ትምህርት የቀሰሙት ኔልሰን ማንዴላ የትራንስካይ ልጅ ነበሩ። ወታደራዊ ሳይንስ ካስተማሯቸው መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። ማንዴላ ከኮልፌ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 5 ቀን ተያዙ። እርሳቸው በእስር ላይ ሳሉ የትውልድ ምድራቸው «ነፃ መንግሥት» ልትሆን ተደገሰላት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባንቱስታን ሥር የሚገኘው በባህል ልዩነት ሳይሆን በመሬትና በጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ነው። ሴሲል ሮድስ በ1894 ባወጣው የግሌን ግሬይ ሕግ፣ ከቀዬው ወጥቶ ለደመወዝ ባልሠራ ጥቁር ገበሬ ላይ አሥር ሽልንግ ግብር ተጣለበት። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለአፍሪካውያን የከለለው የአገሪቱን 7 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ1936 ድርሻው ወደ 13 በመቶ ከፍ እንዲል ተደነገገ። በዚህች ቁራሽ መሬት የአገሪቱ አብዛኛው ሕዝብ እንዲኖርባት ተፈረደበት። መሬቱ የማያኖረው ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓዶች ወረደ። ማዕድኑ ጉልበቱን ሲወስድ፣ የማሳደጉን፣ የመጦሩንና የመቅበሩን ዕዳ ግን ለጎሳ ግዛቱ ተወለት።

ይህን ሥርዓት ለማጽናት በ1951 የወጣው የባንቱ ባለሥልጣኖች ሕግ ባላባቶችን የፕሪቶሪያ ደመወዝተኛ አደረጋቸው። ሰፊው ሕዝብ ግን በዝምታ አልተቀበለውም። በ1960 የፖንዶላንድ ገበሬዎች ተነሡ፤ ጁን 6 ቀን ንግኩዛ ኮረብታ ላይ በተሰበሰቡበት ፖሊስ ተኩስ ከፈተባቸውና አሥራ አንድ ሰዎች ወደቁ። በ1963 በተካሄደው ምርጫም ሕዝቡ አብዛኛውን ወንበር ለቪክቶር ፖቶ ደጋፊዎች ሰጠ። ይሁንና በምክር ቤቱ በሕዝብ የሚመረጡት 45 ብቻ ሲሆኑ፣ በሹመት የሚቀመጡት ባላባቶች 64 ነበሩ። በእነዚሁ ባላባቶች ድምፅ የማንዴላ ዘመድ የሆነው ካይዘር ማታንዚማ ዋና ሚኒስትር ሆነ።

ኦክቶበር 26 ቀን 1976 በኡምታታ «ነፃነት» ታወጀ። የአዋጁ መርዝ የተቀበረው በዜግነቱ አንቀጽ ውስጥ ነበር። በጆሃንስበርግ ተወልዶ ትራንስካይን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ እንኳ፣ በቋንቋውና በዘሩ ምክንያት የደቡብ አፍሪካ ዜግነቱን ተገፎ በተወለደበት ከተማ የውጭ አገር ሰው ሆነ። ሥሌቱ ግልጽ ነበር፤ ጥቁሩ ሁሉ በየጎሳው «ነፃ» ከወጣ፣ በደቡብ አፍሪካ የመምረጥ መብት የሚጠይቅ አንድም ጥቁር ዜጋ አይኖርም።

ዓለም ግን አልተታለለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዕለት በ134 ድምፅ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ፣ በአሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አዋጁን ውድቅ አደረገ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ዕውቅና ነፈገው። ማታንዚማ በ1978 በመሬት ይገባኛል ተቆጥቶ ከፕሪቶሪያ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ቢያቋርጥም፣ በጀቱን የሚሰፍርለት ያው ፕሪቶሪያ ነበር። ጌታውን አኩርፎ ከጌታው ማዕድ የሚቆርስ ምን ዓይነት መንግሥት ነው?

ሚኒስትሩ ጂሚ ክሩገር ሮበን ደሴት ድረስ ሄዶ፣ ትራንስካይን ዕውቅና ሰጥተው እዚያ ቢኖሩ እንደሚፈቱ ለማንዴላ ነገራቸው። ማንዴላ አሻፈረኝ አሉ፤ በግንብ ውስጥ ደቡብ አፍሪካዊ ሆኖ መታሰርን፣ በአጥር ውስጥ «ነፃ» ከመባል መረጡ። በመጨረሻም ሥርዓቱ ተፍረክርኮ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1994 ትራንስካይ ወደ እናት አገሯ ተመለሰች። ዛሬ የኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር አካል ናት። የአጥሩ ካርታ ቢቀደድም፣ አጥሩ ያተረፈው ድህነት ግን ገና አልተነቀለም።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ምንድን ነው? የሕዝብን ቋንቋና ባህል ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብን በቋንቋውና በባህሉ ማጠር ፍጹም ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መብትን ይጨምራል፤ ሁለተኛው ሰውን በተወለደበት ምድር መጻተኛ ያደርጋል። ስለዚህ የራስ አስተዳደር በተነሣ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ወሰኑን ያሰመረው ማን ነው? መሬቱ የማን ነው? ከወሰኑ ማዶ የሚኖረው ሠርቶ አደር ዜግነቱ ተጠብቆለታልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀና መልስ የሌለው ነፃነት፣ ሰንደቁ ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢውለበለብ፣ ነፃነት አይደለም።