ለምርመራ የሚላክ ናሙና አሰነዳድ

በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዘር ባጠፋ ጊዜ፥ የዋጉ ወገን ተለይቶ የታወቀው ከየማሳው ተቆርጠው ለሊቃውንት ከተላኩት አገዳዎች ነው። ስለዚህ ከወረዳ የሚላከው ናሙና በመንገድ ሳይበላሽ ሊደርስ ይገባዋል።

ዋግ የያዘው አገዳ የሚቆረጠው ገና አረንጓዴ ሳለ፥ ቀዩም ዱቄት ትኩስ ሆኖ ሲታይ ነው። የሸፈነው ቅጠል ተልጦ፥ በጥላ አድሮ ከጠወለገ በኋላ በወረቀት ፖስታ ይከተታል። ብዙ ሰው ለንጽሕና መስሎት በላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ ክፉ ልማድ ነው። ወዙ መውጫ አጥቶ ይሻግታልና፥ መርማሪው የሚያገኘው ሻጋታውን እንጂ ዋጉን አይሆንም።

ትል በፈላ ውሃ ጥቂት ተነክሮ በአልኮል ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ቢራቢሮ ግን የክንፉ ትቢያ እንዳይረግፍ ደርቆ በታጠፈ ወረቀት ይላካል።

አፈር ሲሆን፥ ከማሳው ከ15 እስከ 20 ከሚሆን ስፍራ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ይደባለቃል፤ ከዚያም አንድ ኪሎ ይበቃል። ከአውድማ፥ ከኩይሳ ወይም ፍግ ከተከመረበት የተወሰደ አፈር የማሳውን ጠባይ አያሳይም።

የቀበሌው ስም፥ የዘሩ ዓይነትና የተወሰደበት ቀን በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።