የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት ብስክሌትና የዳገቱ ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ፣ በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ሞተሩ ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር ኮረንቲ መሳብ እንዲችል የታሰበ ነበር። ይኸው ሐሳብ ዛሬ ተራውን ብስክሌት ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመለወጥ በሚያስችሉ የመግጠሚያ ዕቃዎች መልክ ይሸጣል። ለመሆኑ «36 ቮልት፣ 250 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሞተር ለባሕር ዳር ሜዳ የሚበቃውን ያህል ለአዲስ አበባ ዳገትም ይበቃልን? መልሱን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት በወረቀትና በእርሳስ ልናገኘው እንችላለን።

ብስክሌቱ፣ ሞተሩ፣ ባትሪውና ነጂው በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በደልዳላ አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ የሚገቱን የጎማዎቹ ሰበቃና የአየሩ ግፊት ናቸው። ሁለቱን ለማሸነፍ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይበቃል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን የመሬት ስበት ብቻውን በ59 ኒውተን ጉልበት ወደ ኋላ ይጎትተናል። በዚያው ፍጥነት ለመውጣት ከ400 ዋት በላይ ያስፈልጋል፤ ፍጥነታችንን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ብንቀንስ ግን 190 ዋት ገደማ ይበቃናል።

ታዲያ ቀስ ብሎ መውጣት ብቻውን መፍትሔ ይሆናልን? አይሆንም። ሞተር በሚዞርበት ጊዜ በጥቅል ሽቦዎቹ ውስጥ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚቃወም ቮልቴጅ ያመነጫል። ዙሩ ሲቀንስ ይህ ተቃዋሚ ቮልቴጅ ስለሚቀንስ ኮረንቲው ይጨምራል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ከኮረንቲው ስኩዌር ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዳገት ላይ ፔዳል እየመታን ማገዛችን ሞተሩን ከመቃጠል ያድነዋል። ለዳገታማ ከተማም በውስጡ ጥርሳማ መዘውሮች ያሉት ሞተር ይመረጣል፤ ጎማው በዝግታ ሲሄድ እንኳ ሞተሩ ራሱ በፍጥነት ይዞራልና።

በገጠማው ወቅት የቀድሞው ጎማ ወልቆ ሞተር ያለው ጎማ ይተካል፤ ባትሪውና መቆጣጠሪያው በብስክሌቱ አካል ላይ ይታሰራሉ፤ የፍሬን እጀታዎቹም ፍሬን ሲያዝ ኮረንቲውን በሚያቋርጡ ይለወጣሉ። ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የጎማው ዘንግ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ዘንጉን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ይህ ጠመዛ 40 ኒውተን ሜትር ቢሆንና የዘንጉ ጠፍጣፋ ጎኖች በ10 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ በጠርዞቹ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 4,000 ኒውተን ገደማ ይደርሳል፤ የ400 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። ዳዶ በማጥበቅ ብቻ ይህን መመከት ያዳግታል። ዘንጉ ከዞረ ሽቦዎቹን ይበጥሳል፤ ሞተሩ የተገጠመው በፊት ጎማ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከሹካው ወጥቶ ነጂውን ሊጥል ይችላል። በመሆኑም አንድ ጫፉ ዘንጉን፣ ሌላው ጫፉ የብስክሌቱን አካል የሚይዝ ጠንካራ የብረት ክንድ መታከል አለበት።

ሙከራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ጎማውን ከመሬት አንሥተን እናዞረዋለን፤ ፍሬን ስንይዝ ሞተሩ ወዲያውኑ መቆሙን እናረጋግጣለን። ቀጥሎ ፔዳል ሳንመታ በሜዳ ላይ በአንድ መንገድ ሄደን እንመለሳለን፤ የነፋሱ ተጽዕኖ እንዲጣፋ ነው። የቮልቱና የአምፔሩ ብዜት ከባትሪው የወጣውን ኃይል ይሰጠናል። ለምሳሌ 135 ዋት ብናነብና ለጉዞው የሚያስፈልገው 100 ዋት ቢሆን፣ ብቃቱ 74 በመቶ ነው። በመጨረሻ አጭር ዳገት ወጥተን የሞተሩን ሙቀት እንመረምራለን፤ ሽፋኑ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ማሳረፍ ይገባል።

ባትሪውንስ? 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ኢነርጂ ይይዛል። ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ስንወጣ፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 136 ዋት ሰዓት እንፈልጋለን። በዳገት ላይ የሞተሩ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን፣ ሥራውን ለሞተሩ ብቻ ከተውነው ከባትሪው ከግማሽ በላይ ያልቃል። ይኸው ኢነርጂ በዝግታ ስንወርድ አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። እንግዲህ ብስክሌቱን ለመለወጥ ያሰበ ተማሪ፣ በየዕለቱ የሚመላለስበትን ዳገት ለክቶ ያስላ፤ ሞተሩን ከመግጠሙም በፊት ፍሬኑን ያድስ።