ምት በጆሮ ብቻ አይያዝም

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ዜማ ከሚነገሩት እምነቶች መካከል ጉዳቱ የከፋው፣ ምት የሚያዘው በጆሮ ብቻ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ሰምቶ መድገም ያቃተው ልጅ «ጆሮ የለውም» የሚለው ነው። ምት ማለት ድምፅ በተመጠነ ጊዜ ሲመላለስ የሚፈጠረው ሥርዓት ሲሆን፣ ይህን በአራትና በአምስት ዓመቱ ሳይስት መጠበቅ ያልቻለ ልጅ ከእኩዮቹ ኋላ እንዲቆም ይደረጋል፤ የተባለውን አምኖ ከበሮ ከመንካት ይቆጠባል፤ ሳይለማመድ ያድግና «ብለን ነበር» ለሚሉት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

እምነቱ መነሻ የለውም አይባልም። በቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት፣ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ በዝማሬ መዋሥእት የምስክር ጉባኤ ቤቶች ሲሆኑ፣ ተማሪው የመምህሩን ድምፅ ሰምቶ በቃሉ የሚይዝባቸው በመሆናቸው ጆሮ የትምህርቱ ዋና በር ነው። በአቋቋምም፣ ማለትም ዜማን ከሰውነት ንቅናቄና ከመሣሪያ ጋር አስተባብሮ በሚያስተምረው ዘርፍ፣ ቀድሞ የሚጠናው በድምፅ ብቻ የሚዜመው ቁም ነው። ይሁን እንጂ ቁም ብቻውን አይቀርም፤ በመቋሚያ የሚዘመመው ዝማሜ፣ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡበት መረግድ፣ ምቱ ፈጥኖ ጭብጨባ የሚታከልበት ጽፋት ይከተሉታል፤ ያው ዜማ በጉሮሮ፣ በክንድ፣ በእግርና በመዳፍ ያልፋል። ደግሞም ወደ አቋቋም ቤት የሚገባው ሰው ፊደሉን በመጠቆሚያ እየነካ በዜማ የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ፣ ምት በሰውነቱ ውስጥ አስቀድሞ ያደረ ተማሪ ነው። የዚህን ሥርዓት የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ቆርጦ ለሕፃን «ዝም ብለህ ስማ» ለማለት መጥቀስ ሊቃውንቱ ያላሉትን በስማቸው መናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካናዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የሰባት ወር ሕፃናትን አንድም ምቱ ጎልቶ የማይለይ የከበሮ ድምፅ እያሰሙ፣ ከፊሎቹን በየሁለተኛው፣ ከፊሎቹን በየሦስተኛው ምት ላይ በክንዳቸው ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው፤ በኋላም ሕፃናቱ የተወዘወዙበትን አካሄድ የሚመስለውን ድምፅ ከሌላው አስበልጠው አደመጡ። ዓይናቸው ተሸፍኖ የተወዘወዙትም እንዲሁ አደረጉ፤ ሌላ ሰው ሲወዛወዝ አይተው ራሳቸው ሳይነቃነቁ የቀሩት ግን ምንም ልዩነት አላሳዩም። እንግዲህ ንቅናቄ ምትን የሚያጅብ ጌጥ ሳይሆን ጆሮ ምቱን የሚሰማበትን መንገድ የሚቀርጽ ነው ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ጥናቱ ለአምስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ልምምድ እንደሚበቃው ባይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ያሉ ልጆች ከበሮ ሲመቱ ከመሣሪያ ወይም ከድምፅ ማጉያ ይልቅ አብሯቸው ከሚመታ ሰው ጋር ምታቸውን አስተካክለው እንደሚሄዱ አሳይቷል።

ይህንኑ ነሐሴ 13 የሚውለው ቡሄ ሲያስተምር ኖሯል። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን ሲመታ ንዝረቱ በመዳፍና በእግር ይመጣል፣ የጓደኛ ክንድ ሲነሳና ሲወርድ በዓይን ይታያል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁን ክፍል ውስጥ እጁን አጣጥፎ እንዲያዳምጥ አስቀምጦ ተሰጥኦውን መመዘን ሊታገሡት የሚገባ ስንፍና አይደለም። ምትን ፈጽሞ ለይቶ መያዝ የማይችል ሰው በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንድን ሕፃን በአንድ ወር ትምህርት ከዚያ ወገን መመደብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአስተማሪዎች ሥልጠና ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይሰማል፤ ይኸውም አንዱ ልጅ በዓይኑ፣ አንዱ በጆሮው፣ ሌላው በእጁ ብቻ ስለሚማር ለይቶ ማስተማር ይገባል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሰፊ ግምገማ ለዚህ አከፋፈል በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ በርካታ የስሜት ሕዋሳትን መጠቀም የሚጠቅመው ለሁሉም ልጅ በአንድነት ሲሆን ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ከምት ውጭ ነው የሚለውን ለማፍረስ በ12 ዓመቷ ገደማ የመስማት ችሎታዋን አጥታ፣ ንዝረቱን በባዶ እግሯ እየተቀበለች በዓለም መድረክ የምትጫወተው ስኮትላንዳዊቷ የከበሮ ባለሙያ ኤቭሊን ግሌኒ ትበቃለች። ትምህርቱ ከተጻፈ የዜማ ምልክት መጀመር አለበት የሚሉም አሉ፤ የዜማ ምልክቶች ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁት ዜማው አስቀድሞ በቃል ሲወርድ ከኖረ በኋላ ነው።

ለሕፃን ምቱን ማዘግየት ያቀልለታል የሚለውም ልማድ ሊታረም ይገባል። የትንሽ ልጅ ተፈጥሯዊ ምት ከአዋቂው የፈጠነ ስለሆነ፣ መምህሩ መጀመሪያ ልጁ በራሱ ሲያጨበጭብ አዳምጦ በዚያው ፍጥነት ከበሮውን ቢመታለት፣ አብረው መሄድ ከጀመሩም በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ዝግታው ቢመልሰው ይሻላል።