«ለክፉ ቀን» የተቀመጠው ኪኒን

ሰንበት ሲወጣ በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ ስንሰባሰብ አንድ ነገር ደጋግመን ሰማን፤ ኬሞ የሚወስዱ እናቶቻችን የማቅለሽለሽ መድኃኒታቸውን «ለክፉ ቀን ይሁነኝ» ብለው ያስቀምጡታል። ጥፋቱ ግማሹ የእኛ ነው። ከዕብራይስጥ ስንተረጉም «ለማቅለሽለሽ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ሰዓቱን አንነግራቸውም።

እንደ ኦንዳንሴትሮን ያለው ኪኒን ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ኬሞው ከመጀመሩ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ነው። ሴሮቶኒን የማስታወክ መልእክት እንዳያደርስ ቀድሞ መንገዱን ይዘጋል፤ ትውከቱ አንዴ ከጀመረ ማስቆሙ ይከብዳል። ሆድ ያደርቃል፣ ራስ ያሳምማል፤ የልብ ምት መዛባት ያለባቸው አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ጤና አዳም ወይም ዳማከሴ የሚጠጡ ከሆነም ሳንደብቅ እንተርጉም። የጠጡትን ውኃ እንኳ የሚያስመልሳቸው ከሆነ ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አንጠብቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ለሕክምና ክፍሉ እንደውላለን።