ደም ከፈሰሰ በኋላ፦ የአንጎል ጥገና ተስፋ በዓመታት ውስጥ

ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በተነሳ ተመራማሪ መሪነት በጅማ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) 116 የስትሮክ ሕሙማንን መዝግቧል። 48.3 በመቶዎቹ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ነበሩ፤ በብዙዎቹ የበለጸጉ አገሮች ይህ ዓይነቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ደም ያበላሸው አንጎል ይጠገናል ወይ የሚለው እንግዲህ በወለጋም ከአኖ ከተማ እስከ ነቀምቴ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል በአዋቂ አንጎል የሞተ አይተካም አለ፤ ሐኪሞችም በዚሁ ጸኑ። በ1960ዎቹ ጆሴፍ አልትማን በአይጥ አንጎል አዲስ ነርቭ ሲወለድ ማየቱን ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም። በ1998 በሰውም ታየ ተባለና ተስፋው ናረ፤ በ2018 ደግሞ ሁለት ቡድኖች እርስ በርስ የሚቃረን ውጤት ይዘው ወጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ ለስትሮክ ሕመምተኛ ብዙም አይፈይደውም፤ ተወለዱ የተባሉት ሕዋሳት ያሉት ለማስታወስ በሚያገለግለው ክፍል እንጂ እጅን በሚያዘው ዘንድ አይደለም። «ስቴም ሴል» (ሌላ ሕዋስ የሚያፈራ ሕዋስ) እንሰጣለን እያሉ ቤት የሚያሸጡ ክሊኒኮችንም መጠርጠር ይበጃል።

ጥገናው በሌላ መንገድ ይሄዳል። የፈሰሰው ደም መጀመሪያ ቦታ ይዞ ይጫናል፤ ቀናት ሲያልፉ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ፈንድተው የሚለቁት ብረት የተረፈውን ይመርዛል። የአንጎል ጽዳት ሕዋሳት ይህን እየዋጡ ሲያነሱ፣ ከጉዳቱ ዳር የቀሩት ነርቮች ቅርንጫፍ አውጥተው የሞቱትን ሥራ በከፊል ይረከባሉ። ብረቱን በመድኃኒት ለማሰር የተሞከረው በ2019 አልሰመረም። ደሙን በቀዶ ሕክምና ቶሎ ማውጣትም በ2005 ከ1,000 በላይ ሕሙማን ላይ ታይቶ ብልጫ አላሳየም፤ በ2024 ግን ደሙ ለአንጎል ገጽ ለቀረበባቸው በጠባብ ቀዳዳ ማውጣቱ ጠቀመ።

ለወለጋ የሚቀርበው የ2023ቱ ሙከራ ነው። ናይጄሪያን ጨምሮ በአሥር አገሮች፣ ከ7,000 በላይ ሕሙማን ላይ፣ የላይኛውን የደም ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ማውረድና ስኳርንና ትኩሳትን አብሮ መቆጣጠር ሞትንና የአካል ጉዳትን ቀነሰ። ግፊት መለኪያ ደግሞ ጤና ጣቢያም አለ።

የቀረው ልምምድ ነው። በ2006 የታተመ ሙከራ ደህናውን እጅ ሸፍኖ የደከመውን ማሠራት እንደሚረዳ አሳይቷል። ልምምዱን ለሠለጠነ ቤተሰብ መተው ግን በ2017 በወጣው የሕንድ ጥናት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ሕመምተኛውን «ቤት አሠሩት» ብሎ ወደ አኖ ከመሸኘት ይልቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከነቀምቴ ቢወርድ ይሻላል።